ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሽቦ

መሰላሉ ከእግሩ ሥር ተንሸራተተ...

ክሊፎርድ የኮርኒሱን አግዳሚ እንጨት እንደጨበጠ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እየቃተተ ራሱን ወደ ላይ ጎተተና ቁልቁል አየ። መሰላሉ በደረጃው ተንከባልሎ ታች ኮሪደር ላይ ተጋድሟል።

«በል እንግዲህ፣ ብልጡ ሰውዬ!» አለ ለራሱ። «አሁን በምን ልትወርድ ነው?»

ስልኩ ኩሽና ውስጥ ነው።

ክሊፎርድ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ዊኒፍሬድ ከሞተች ወዲህ በእንግሊዝ አገር በርንሊ ከተማ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በረድፍ ከተሠሩት አሮጌ ቤቶች ባንዱ ብቻውን ይኖራል።

እዚያ ጣሪያ ሥር ምን አወጣው?

መብራት!

የመኝታ ቤቱ መብራት ትናንት ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ። አምፖሉን ቀየረው... አልተወም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጭራሹን ጠፋ።

ሌላ አምፖል አስገባ... አልበራም። ማብሪያ ማጥፊያውን ፈታ... ደህና ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየ... ሁሉም ደህና ናቸው። የሌሎቹ ክፍሎች መብራት ይሠራል።

ኤሌክትሪሺያን ይጥራ? እሱ? የሰው እርዳታ ከሚጠይቅ ጥርሱን ቢነቅል ይመርጣል።

ስለዚህ ሽቦውን ሊያይ ከኮርኒሱ በላይ ወጣ። ይኸው... እዚያው ታገተ።

«የሰው ያለህ!»

ማን ይስማው? የሥራ ቀን ነው። መንገዱ ጭር ብሏል።

ጎረቤት የለውም እንዳትሉ። አለው።

ሞሪን ትባላለች። ከግድግዳው ማዶ እንደ እሱ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ከስምንት ዓመት በፊት የቆሻሻ መጣያዋን በሩ ላይ አቆመች ብሎ ተጣላት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለም።

ስምንት ዓመት... በቆሻሻ መጣያ!

ትናንት ግድግዳውን ስትደበድብ ሰምቷል። ቴሌቪዥንህን ቀንስ ማለቷ መሰለው። ጫማውን አወለቀና መልሶ ደበደበላት። ከዚያ ድምፁን ጨመረው።

አሁን ግን ብርዱ በጣሪያው ስንጥቅ እየገባ አጥንቱን ይቆረጥመው ጀመር። ጣቶቹ ደነዘዙ።

ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብሎ በባትሪው ብርሃን ሽቦውን ተከተለ...

ሽቦው ወደ እሱ ፊውዝ አይወርድም!

በእነዚህ አሮጌ ቤቶች ከኮርኒስ በላይ መለያ ግድግዳ የለም። የረድፉ ቤቶች ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ሽቦውም ቀጥ ብሎ ሄዶ ሞሪን ቤት ገባ።

የእሱ መብራት የሚበራው በሞሪን ኤሌክትሪክ ነበር። የድሮ ሠራተኛ ስህተት።

«አሃ! ሆን ብላ ነው ያጠፋችብኝ! ይቺ መርዝ!»

ፊት ለፊቱ የሞሪን ኮርኒስ መክፈቻ ይታያል። ሌላ መውጫ የለም።

«እሷን አውጪኝ ብዬ ከምለምን እዚሁ ልድረቅ» አለ።

ተቀመጠ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቆየ... ቆየ... ከብርዱ ይልቅ ንዴቱ አስነሳው።

ክዳኑን በርግዶ ጮኸ፦

«አንቺ ሴትዮ! መብራቴን መልሺ!»

ከታች የደከመ ድምፅ መጣ።

«ክሊፎርድ?... ተመስገን... መጣህ?»

«የት ነሽ?»

«ደረጃው ሥር... ወድቄ። ዳሌዬ ነው መሰለኝ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ስልኬ አልጋዬ ላይ ነው... ይዘኸው ውረድ።»

ተንጠልጥሎ ዘለለ። ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ። ስልኩን ይዞ ደረጃውን በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ።

ከንፈሯ ጠቁሯል። አንድ እጇ ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘርግቷል... ፊውዞቹ ላይ።

አምቡላንስ ጠራ። ኮቱን አውልቆ አለበሳት።

«ግድግዳውን ደበደብኩ» አለች። «አንተም መልሰህ ደበደብክ።»

ክሊፎርድ የኮቱን ኮሌታ አንገቷ ሥር ሸጎጠላት።

«ሽቦው ወዳንተ እንደሚሄድ ድሮ ነው የማውቀው። ኤሌክትሪሺያኑ ልቁረጠው ወይ ሲለኝ ተወው አልኩት። ያኔ ዊኒፍሬድ ታማ ሌሊቱን በሱ ብርሃን ስታነብ ታድር ነበር... የታመመ ሰው መብራት ይቆረጣል?»

ትንፋሽ ወሰደች።

«ትናንት ብልጭ ድርግም አደረግኩልህ። ምን አደረግክ?»

«አምፖል ቀየርኩ።»

«አዎ፣ አንተ! ዛሬ ጨርሼ አጠፋሁት።»

«ግን እንዴት... በመብራት?»

«ለኔ ብለህ እንደማትመጣ አውቃለሁ፣ ክሊፎርድ። ለመብራትህ ግን ትመጣለህ።»

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ በሩን ሰብረው ገቡ። ሞሪንን ቃሬዛው ላይ እያስተኙ አንደኛው ዞር አለና ጠየቀው፦

«አባት፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ክሊፎርድ አፉን ከፈተ...

«ጎረቤቷ ነኝ» ሊል ነበር።

ግን ጎረቤት ሲጠሩት በጫማ ይመልሳል?

*

ሞሪን ተርፋለች። እኛስ?

ሰው ግድግዳ እየደበደበ ሲጠራን የቴሌቪዥን ድምፅ እንጨምራለን። የራሳችን አምፖል ሲጠፋ ግን ጣሪያ እንወጣለን። ክፉ ስለሆንን አይደለም... የተጣላነው ሰው የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ስድብ ስለሚመስለን ነው። ቂም የሚያደነቁረው መጀመሪያ የያዘውን ሰው ነው።

እስቲ ከጎረቤታችሁ ወይም ከዘመዳችሁ የተኳረፋችሁበትን ምክንያት በአንድ መስመር ኮሜንት ላይ ጻፉት።

ተጽፎ ሲታይ... ምን ያህላል?