ዜሮ ሚሊሜትር

ማስመሪያውን ከሳህኑ ሥር አስጠግቼ ለሦስተኛ ጊዜ እለካለሁ። ሦስተኛውም ያው ነው፤ ዜሮ።

መዳፍ የሚያህል ክብ የመስታወት ሳህን ነው። ከአንድ ታማሚ ቁስል የተወሰደ ባክቴሪያ ዘርተንበት አድሯል፤ በላዩ ስድስት ትናንሽ ወረቀቶች አሉ፣ እያንዳንዱ በአንድ መድኃኒት የተነከረ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ባክቴሪያው አጠገቡ መብቀል ያቅተውና በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። እኛ የነርስ ተማሪዎች ዛሬ የምንማረው ይህን ቀለበት መለካት ነው። በአሞክሳሲሊኑ ወረቀት ዙሪያ ግን ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ መጥቶ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ሳህኑ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አርባ ሰባት። ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ማክሰኞ ዕለት አባዬን ደግፌ ሆስፒታል ሳስገባው ካርዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«አርባ ሰባት ስንት መጣ?» ይላሉ መምህራችን ሲስተር።

«አሞክሳሲሊን ዜሮ።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው የታማሚውን ቅጽ ያነባሉ። «ከዚህ በፊት የወሰደው መድኃኒት፣ የለም ይላል። መድኃኒት ያልቀመሰ ሰው ባክቴሪያ እንዲህ የሚጠግበው ከስንት አንዴ ነው።» ወደ ወንበር ጓደኛዬ ይዞራሉ። «የአሞክሳሲሊኑን ወረቀቶች ጠርሙስ ፍሪጅ የመለስሽው አንቺ ነሽ አይደል? ወይስ ጠረጴዛ ላይ አድሯል?»

«መልሻለሁ ሲስተር፣ እግዜር ያውቃል!»

«እግዜርማ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሙቀት ካገኘው መድኃኒቱ ኃይል ያጣል። ይህን ውጤት ብዬ ወደ ዋርድ አልክም። በአዲስ ወረቀት እንደገና ዝሩት።»

ዛሬ ዓርብ ነው። እንደገና ማለት ሰኞ ማለት ነው። እስከ ሰኞ አባዬ የሚውጠው ያንኑ አሞክሳሲሊን ነው፤ ሐኪሙ ቅጹን አምኖ የጀመረለት እሱን ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግር ደግሞ ሰኞን አይጠብቅም። አውራ ጣቱ ከወይን ጠጅ መልክ ወደ ጥቁር ሲሄድ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ።

ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ነው ቤታችን ውስጥ ሐኪም የሆንኩት። ጎረቤቱ ሳይቀር «ዶክተር» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። አባዬን ጫማ ፍቆት ጣቱ ሲቆስል፣ ጉሮሮዬን ሲያመኝ ከገዛሁት አሞክሳሲሊን የተረፉትን ስድስት እንክብሎች ሰጠሁት። ደረቀለት። «በቃ፣ አቁም» አልኩት። ሲያገረሽ ደግሞ አራት። ከዚያ ደግሞ የታናሽ ወንድሜን ትራፊ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። ደካሞቹን ባክቴሪያዎች እየገደልኩ ጉልበተኞቹን ሳሳድግ ከርሜያለሁ።

ማክሰኞ ቅጹን የሚሞላው ነርስ «አባባ፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደዋል?» ሲለው አባዬ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ነጩን ጋዎኔን አየው። «ኧረ ምንም! እሷ እያለች ማን ያስነካኛል?» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በከፈትኩ! ያቺ ዝምታ ሦስት ቀን በላችብን።

ጓደኛዬ ጓንቷን ስላላወለቀች እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች።

«ሲስተር፣ ወረቀቱ ደህና ነው» እላለሁ። «ሰውዬው ወስዷል። ሦስት ጊዜ፣ አንዱንም ሳይጨርስ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ቁጣ እጠብቃለሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲስተር ግን ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ያቀብሉኛል። «የለም» የሚለውን እሰርዝና የወሰደውን ሁሉ ከጎኑ እጽፋለሁ። እሳቸው ስልኩን ያነሳሉ።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት የወንዶች ዋርድ በረንዳ ነው። አባዬ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ለተቀመጠው ታማሚ ወደዚህ መስኮት በጣቱ ያሳየዋል፤ ምን እያለው እንደሆነ ሳልሰማው አውቃለሁ። አንዲት ነርስ ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትወጣለች፣ ጎንበስ ብላ እግሩን ታያለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኛ ትመለከታለች። አባዬ ዓይኗን ተከትሎ እኔን ያገኘኛል። የምሥራች የላክሁለት መስሎት የፒጃማውን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልብልኛል።

ማስመሪያው በእጄ እንዳለ እኔም አውለበልብለታለሁ።