የምሽጉ ደረጃ

እየሩስ ባሏ ሙሉቀን ከፍታ እንደሚፈራ ከሠርጋቸው በፊት ጀምሮ ታውቃለች። ሻንጣ አዝለው አገር ሲዞሩ እሷ ተራራውን ትወጣለች፣ እሱ ከታች ሻይ እየጠጣ ይጠብቃታል። ጣሊያን የሠራው አሮጌ ምሽግ ያለባት ከተማ ሲደርሱም፣ «ሻይ ቤቱ ያውና» አለችው እየሳቀች።

«ዛሬስ አብሬሽ ነኝ» አለና ገደሉን ታክኮ የሚወጣውን ጠባብ ደረጃ ቀድሟት ወጣ። አልተንገዳገደም፤ ወደ ታችም አላየም።

«ሰውዬ፣ ባሌን የት አደረስኸው?» አለችው ምሽጉ አናት ላይ ሲደርሱ። እሱ ሳቀ። እሷን ግን ቅር አላት። «እንዲህ የምትችል ከሆነ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ብቻዬን አስወጣኸኝ?»

ሙሉቀን ሳይመልስላት የምሽጉ ዘበኛ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«ልጄ፣ ዘገየሁብህ» አሉት። ወደ እሷም ዞር ብለው፣ «ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ ተለማምዷል። መውጣቱን ችሎታል። ሲወርድ ግን ዓይኑን ስለሚጨፍን እጁን ይዤ የማወርደው እኔ ነኝ» አሏት።

«ለመስክ ሥራ ነው» ብሏት የሄደበት ሳምንት ትዝ አላት። ሙሉቀን አቀርቅሮ የታሰረውን የጫማ ክሩን እንደገና ያስራል።

«አባባ፣ እርስዎ ዛሬ ይረፉ» አለችና እጇን ለባሏ ዘረጋችለት።