የሩቅ ጉርሻ

የታይፎይድ መድኃኒት መሥራት ካቆመ ወዲህ፣ ሳይታመም ባክቴሪያውን በሆዱ የተሸከመ ሰው የሌላውን ምግብ በእጁ አይነካም። ወይዘሮ ውድነሽ ከተሸከሙት አንዷ ናቸው።

ዛሬ ልጃቸው ትሁት እጮኛዋን ኪሩቤልን ለምሳ ይዛው መጣች። ወይዘሮ ውድነሽ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ለብቻቸው ከተለየላቸው ሳህን ጉርሻ ጠቅልለው ለእንግዳው እጃቸውን ዘረጉ። ኪሩቤል እንደ ወጉ ብድግ ብሎ አፉን ከፍቶ ተጠጋ።

«ተው ልጄ! ልትሞትብኝ ነው?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሳልነግርህ ረስቼ! እኛ ቤት የሚጎረሰው ከሩቅ ነው» አለች ትሁት። ከተቀመጠችበት አፏን ከፈተች። እናቷ ጉርሻውን ራሳቸው በሉት፤ እሷ ባዶ አፏን አላመጠች።

ወይዘሮ ውድነሽ በሀፍረት አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ኪሩቤል ወደ ቦታው ተመልሶ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

ጠቅልለው ጎረሱለት።

«ኧረ በጣም ትልቅ ነው፣ እማማ!» አለ፣ አፉ እንደሞላ ሰው እየተንተባተበ።