ሁለተኛው ልኬት

ጄሩቶ በባሪንጎ የበግ ማርቢያ ጣቢያ የበጎችን ደረት በሜትር ትለካለች። ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ቹሞ ያንኑ ይደግመዋል። ሁለቱ ልኬቶች ከተቀራረቡ ይታመናሉ፤ በልኬቱ የተመረጡት በጎች ግልገሎችም ለመንደሩ ሰው ይታደላሉ። ጄሩቶ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ምንም አይሰማትም፤ ሥራዋን ግን አላቋረጠችም።

አንዲት ቀይ በግ ነበረች። በለኳት ቁጥር ሰባ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ነው። አርግዛም፣ ወልዳም፣ በድርቁ አጥንቷ ወጥቶም ያው ሰባ ዘጠኝ።

«እማማ፣ ይቺ በግ ናት ወይስ በርሜል?» አለ ቹሞ።

«ዝም ብለህ ለካ፣ አንተ ወሬኛ።»

ሜትሩን ቀየሩት፤ ለውጥ የለም። አለቃቸው ግን ደስ አለው። «እንዲህ የማይዋዥቅ ልኬት አይቼ አላውቅም» ብሎ ግልገሎቿን ለየቤቱ አደለ። አንዷ ለጄሩቶ ደረሰቻት።

ያቺ ግልገል አድጋ ዛሬ ጠዋት ወለደች። ቹሞ የተወለደችውን ሊለካ ጄሩቶ ቤት መጣ። ግልገሏ ገና እርጥብ ናት፤ በሁለት መዳፍ ትያዛለች።

«ሠላሳ አምስት ብትሞላ ነው» አለ እየሳቀ።

ጄሩቶ ሜትሩን በትንሿ ደረት ዙሪያ አዞረች። ጣት እንኳ እንዳያስገባ አጠበቀችው። አነበበች። ፈታችና እንደገና ለካች። ከዚያ ሜትሩን ሰጠችው።

ቹሞም ለካ። ሳቁ ቆመ። ጥፍሩን ሰባ ዘጠኝ ላይ ተክሎ ቀና ብሎ አያት።

«ጻፈው» አለችው።