የታሸገችው ክፍል

ባላምባራስ ወልደሰንበትና ልጃቸው አቶ ደመላሽ፣ አክሲዮን የያዘ ሰው የኩባንያውንም ዕዳ በቤቱ እንዲሸከም ደንብ ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። ደንቡ ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ፤ ኩባንያ ሲበደር ከእያንዳንዱ ባለአክሲዮን ቤት አንዲት ክፍል ትታሸጋለች፤ የምትከፈተውም ዕዳው በግማሽ ሲቀንስ ወይም አክሲዮኑ ሲሸጥ ብቻ ነው።

የአቶ ደመላሽ ልጅ አቶ ኃይለልዑል፣ የሸበሌ ነዳጅ ኩባንያ ከተበደረ በኋላም አክሲዮናቸውን ሳይሸጡ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በድሬዳዋ ቤታቸው የታሸገችው የልጃቸው የናሁሰናይ መኝታ ክፍል ነበረች።

ዛሬ ጠዋት ናሁሰናይ የሽያጭ ውል ይዞ ቀረበ።

«አባባ፣ ይፈርሙልኝና እንደ ሰው አልጋ ላይ ልተኛ! የሳሎኑ ሶፋ እኮ ወገቤን ጨረሰው።»

«ኩባንያው ትርፉን ለእኛ ከማከፋፈል ዕዳውን እያቃለለበት ነው። ጥቂት ታገሥ፣ ልጄ።»

«ይህንንማ የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ጀምሮ ሰምቻለሁ!»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የታሸገችው ክፍል በር ማኅተም ቀጭ ብሎ ወደቀ። ዕዳው በግማሽ ቀንሶ ነበር። አቶ ኃይለልዑል ባርኔጣቸውን አውልቀው «ተመስገን!» አሉ።

ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አልጋ እንደተነጠፈ ይጠብቅ ነበር። ናሁሰናይ እየሳቀ ጋደም ቢል እግሩ ከጉልበቱ በታች ውጭ ቀረ። አቶ ኃይለልዑል ግን አልሳቁም፤ ልጃቸው ምን ያህል እንዳደገ ገና አሁን የለኩት ያህል ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጅነትህን ነው የወሰድኩብህ» አሉ። «ስለቻልከኝ አመሰግንሃለሁ።»

ናሁሰናይ ከአልጋው ተነሥቶ ውሉን ለሁለት ቀደደው።

«ቅድም ፈርመው ቢሆን ኖሮ አሁን ክፍሏን እንጂ አክሲዮኑን አናገኘውም ነበር» አለ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።»