መብራት የማይጠፋበት ሕንፃ

የኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ በሶላር ተሸፍኖ፣ የከተማው ጣሪያ ሁሉ በአንድ መስመር ከተያያዘ ወዲህ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። ተመስገን ነው መቼም። ግን እስቲ አሁን ማን፣ ለምን ብሎ በር ያንኳኳል? ድሮ መብራቱ ድርግም ሲል ኮሪደሩ በሰው ይሞላ ነበር። «እናንተም ቤት ጠፋ?» እየተባባልን ሻማ ስንለኩስ፣ ወሬያችን ሳያልቅ ሻማው ያልቅ ነበር። አሁን ከሰው ጋር ሳላወራ ሳምንት ያልፋል።

ዛሬ አመሻሽ ላይ የቤቴን ብሬከር በገዛ እጄ አጠፋሁት። መሳቢያ ውስጥ የከረመ ሻማ ለኮስኩና ፊት ለፊቴ የሚኖሩትን የጋሽ ሞላልኝን በር አንኳኳሁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው።

በሩን ሲከፍቱ ሳሎናቸው ቦግ ብሎ በርቷል። ኮሪደሩም እንደዚያው። አፈርኩ፤ ግን አንዴ አንኳኩቻለሁ።

«እርስዎም ቤት ጠፍቷል?» አልኳቸው።

ሻማዬን አዩት፤ ቀና ብለው የኮሪደሩን አምፖል አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው የሳሎኑን መብራት ማጥፊያ ተጫኑት።

«የእኛም ጠፍቷል» አሉ። «ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል?»