የሙጬ ሥራ

የመጨረሻውን የስፒከር ስፖንጅ ቀለበት በሁለት አውራ ጣቶቿ ተጭና፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ሙጫው ካልያዘ አለቀ። ሌላ ስፖንጅ የለም፤ ገበያውን ሁሉ አካልላ ያገኘችው ይህንኑ ነው። ወንድሟ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት መኪና ይዞ ይመጣል።

አባቷ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩዋት ቆዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ፣ እመቤቴ፣ ቆመው ቀሩ እኮ። የሚያስተናግድዎ ሰው የለም?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አሉ በትሕትና።

እርስዎ! አንቺ እያሉ፣ ሲብስም በኩርኩም ያሳደጓት አባት፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ እርስዎ ይሏታል። ቢሰድቧት በወደደች። ስድብ እንኳ የዘመድ ነው፤ ይህ ትሕትና ግን በር ላይ እንዳቆማት ቀረ።

ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። አባታቸው ምድጃ ለኩሰው የወጡ ጊዜ፣ ማታ በማያውቁት ሰፈር የጠፉ ጊዜ፣ ሮጦ የደረሰው እሱ ነው። «የአረጋውያን መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ሐኪምም አለው» አላት በስልክ። እምቢ ብትለው ጊዜ ተናደደ። «አያውቅሽም እኮ! ማን መሆንሽን ለማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«በስሜ ቢጠራኝስ?»

«እሱን ካደረገ መኪናዬን ባዶዋን ይዤ እመለሳለሁ» አላት።

ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። እሷ የጨበጠችው ከዕቃ ቤት ያወጣቻቸውን የአባቷን ሁለት አሮጌ ስፒከሮች ነው፤ ዘፈናቸውን በነሱ ሲሰሙ ስሜ ትዝ ይላቸው ይሆናል ብላ። የአንዱን ጥግ አይጥ በልቶታል፣ እንጨቱ ተላልጧል፣ ድምፁን በሚያወጣው ወረቀት ዙሪያ የነበረው ስፖንጅ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ አባቷ የሰፈሩን ሬድዮና ቴፕ ሁሉ ሲጠግኑ ኖረው የራሳቸውን ስፒከር ሁልጊዜ ለነገ ያሉት ነበር። እሷም ያደገችው እዚያው ሥራ ቦታቸው ላይ፣ ባትሪ እያበራች፣ ሙጫ እየቀባች ነው። ለክታ አታውቅም፤ እጇም፣ ጠረጴዛውም፣ ፀጉሯም ሙጫ ይሆናል። «አንቺ ልጅ፣ ስፒከር ነው ወይስ ቤት የምትለስኚው?» ይሉና ይስቁባታል። ስሟን ትተው ሙጬ ያሏት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም።

ጣቶቿን ቀስ ብላ አነሳች። ያዘ። ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ አቆመች፣ ሽቦዎቹን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘች፣ አባቷ የሚወዱትን ካሴት ከተተች።

ድምፁ ወጣ፣ ግን ምን ያደርጋል። ወፍራሙ ድምፅ የለም። ዘፋኙ ጎረቤት ቤት ገብቶ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ከፍ አደረገችው፤ ባሰበት። ወረቀቱን አበላሽቼዋለሁ አለች በልቧ፤ የነበረችኝንም አንዲት ተስፋ በገዛ እጄ ቀደድኳት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

አባቷ ፊታቸውን አኮማተሩ። ለእንባዋ አልነበረም። ከወንበራቸው ተነሱ፣ እያዘገሙ ከግራው ስፒከር ጀርባ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ። ሳያዩ፣ በዳበሳ ብቻ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ፈትተው አቀያየሩት።

ቤቱ በድምፅ ሞላ። ዘፋኙ ከጎረቤት ወጥቶ መካከላቸው መጥቶ ቆመ።

«አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስብ ነበር» አሉ አባቷ፣ እጃቸውን እያራገፉ። «እኩል ካልተነፈሱ ዘፋኙ ማረፊያ የለውም።»

እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ወደ ፊት ዞረው ጣታቸውን በአዲሱ ስፖንጅ ዙሪያ ያስኬዳሉ። ተርፎ ከፈሰሰው ሙጫ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ሳቁ። ይህን ሳቅ ከሰማችው ስንት ጊዜው!

«ይሄን እጅ አውቀዋለሁ!»

«የማን ነው፣ አባዬ?»

«የማን ይሆናል፣ የልጄ ነው እንጂ! የሙጬ። ሽቦ ማዛባትና ሙጫ መለሰን የሷ ነው።» ወደ እሷ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይቀየሟት፣ እመቤቴ። ጥድፊያዋ ነው እንጂ፣ ሥራ ታውቃለች።»

ተነሥታ ሁለት እጆቿን ዘረጋችላቸው። ሙጫው በጣቶቿ ላይ ደርቆ ቆዳ ሠርቷል። «አባዬ፣ እየኝ። እኔ ነኝ። እጄን እየው።»

አባቷ እጆቿን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ተመልሰው እጆቿን አዩ። አዘኑላት።

«በሞቀ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ ይለቃል» አሉ። «እሷንም ሁልጊዜ የምላት ይሄንኑ ነው። ይቀመጡ፤ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው፣ አሁን ትደርሳለች።»

ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«አላልኩዎትም? መጣች!» አሉ አባቷ። ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ ዘፈኑንም ቀነሱት፤ ኮቴዋን ለመስማት።